ከድረ ገጽ ቋንቋዎች የትኛውን እንማር?

በዚህች አጭር ጽሁፍ የማነሳው ዶርም ውስጥ ሁሌ የሚያከራክረንን ጉዳይ ነው፤ ድረ ገጽ መሥራትን በኢንተርኔት መማር የፈለገ የጋዜጠኝነት ተማሪ ከየትኛው ቋንቋ ይጀምር? አንዱ ፓይተን ይላል፤ ሌላው ፒኤችፒ፤ ሦስተኛው ደሞ «ሪአክት ካልቻልክ ምን ዋጋ አለው» ይላል። ሁሉንም ለመቅመስ የሞከረ ግን መጨረሻው ከሁለት ያጣ ጎመን ነው።

እንደ እኔ አስተያየት ሁለት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው። ምን ልሠራበት ነው? ኔትወርክ ሲጠፋስ መለማመድ እችላለሁ? ሁለተኛው ጥያቄ ለእኛ ቀልድ አይደለም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ክረምቱን ገበዝ ማርያም የሚያሳልፍ እንደ እኔ ያለ ተማሪ በየቀኑ ቪዲዮ እየከፈተ ልማር ቢል ካርዱም አይችለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት። ኤችቲኤምኤል የገጹ አጥንት፣ ሲኤስኤስ ልብሱ፣ ጃቫስክሪፕት እንቅስቃሴው ነው። ለመለማመድ ብራውዘርና ኖትፓድ ይበቃሉ፤ ትምህርቱን በፍላሽ ገልብጦ የያዘ ሰው ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይችላል። ደሞም ቶሎ አያረጁም። ጃቫስክሪፕት በ1995 እ.ኤ.አ. ተፈጥሮ ዛሬም በየብራውዘሩ አለ።

ፍሬምወርክ ማለት ምሰሶው ቆሞ፣ ማገሩ ተማግሮ የሚጠብቅ ቤት ነው፤ ለእኛ የሚቀረን ምርጊቱ ነው። ሥራ ያፋጥናል፤ ነገር ግን ያልፋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውና ብዙ ሰው የተማረው አንጉላር ጄኤስ በ2021 መጨረሻ ከጎግል የሚያገኘው ድጋፍ ቆሟል። መሠረቱን ያወቀ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ፍሬምወርኩን ብቻ የሸመደደ ግን እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ሪአክትም ቢሆን ተፈላጊ ነው፤ ሆኖም አዲስ ሥራ በተጀመረ ቁጥር በርካታ ጥቅሎችን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ለጀማሪ ዳታ ይበላል።

ከመሠረቱ ቀጥሎ ለእኛ ሙያ የምመርጠው ፓይተንን ከጃንጎ ጋር ነው። ጃንጎ የተወለደው እኮ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው! በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ፣ በሎውረንስ ጆርናል ወርልድ ጋዜጣ፣ አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ጀመሩት፤ በ2005 ለሕዝብ በነጻ ተለቀቀ። ሆሎቫቲ ራሱ ጋዜጠኝነት የተማረ ነው። ዜና ሰዓት ስለማይሰጥ ፈጥኖ የሚሠራ መሣሪያ አስፈለጋቸው። ኮድ የማያውቅ አዘጋጅም ጽሁፉን የሚያስገባበት ገጽ አብሮት ይመጣል። ዓላማው ዜና መለጠፍ ብቻ ለሆነ ተማሪ ግን በፒኤችፒ የተሠራው ዎርድፕረስ ይበቃዋል።

ለልምምድ አንድ ሥራ ልጠቁም። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ አማርኛ በድረ ገጽ ላይ ይፈለጋል። ነገር ግን ኮምፒውተር «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ትንሽ ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት እንጻፍ። የዚህን ቡሌቲን የቆዩ እትሞች መፈለጊያ ይሆነናል፤ እግረ መንገዳችንንም ቋንቋውን እንማርበታለን።

ቸር ይግጠመን።