ውሻው ምን አሳከከው?

ሰቆጣ ላይ የእንስሳት ሐኪም ውሎ በአብዛኛው የፍየልና የበግ ነው። ዋግ ኽምራ የአበርገሌ ፍየል አገር ናት፤ ገበሬው ወደ ክሊኒክ የሚመጣው መንጋውን ሊያስከትብ ወይም የጥገኛ ትል መድኃኒት ሊወስድ ነው። የውሻው ነገር የሚነሳው ሌላው ጉዳይ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ባለቤቱ ሊወጣ ሲል ነው፦ «ዶክተር፣ ውሻችን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ነው የሚያድረው። ምን ይሻለዋል?»

ጥያቄው በመጨረሻ ቢመጣም ቀላል አይደለም። በዚህ አካባቢ ውሻ የከብትና የደጃፍ ጠባቂ ነው፤ ቆዳው ቆስሎ እንቅልፍ ያጣ ውሻ ጅብን ነቅቶ አይጠብቅም። መልሱን ማወቅ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሻም እንደ ሰው አለርጂ ይይዘዋል፤ የሰውነቱ መከላከያ ጉዳት የማያደርስን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ ቆዳው ያሳክከዋል። ነገር ግን «አለርጂ ነው» ተብሎ የሚደመደመው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የት ያካል የሚል ነው። የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ጠጉሩ ረግፎ ቅርፊት ከያዘ እከክ ይጠረጠራል። ሐኪሙ የጆሮውን ጫፍ አጥፎ በጣቱ ሲያሸው ውሻው የኋላ እግሩን ለማከክ ካወራጨ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቀጥሎ የሚጠየቀው እረኛው ልጅ ነው፦ አንተንስ ያሳክክሃል? የውሻ እከክ ወደ ሰው ቆዳ ይሻገራል፤ ሰው ላይ ግን ሊራባ ስለማይችል ውሻው ሲታከም አብሮ ይጠፋል። በ2008 ዓ.ም. የድርቅ ወቅት በአማራ ክልል 68 ወረዳዎች ሕዝቡ ሲመረመር ከ370 ሺሕ በላይ ሰው እከክ ተገኝቶበት ነበር፤ ያ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዓይነት ነው። ስለዚህ ልጅ ባከከ ቁጥር ውሻን ከቤት ማባረር መፍትሔ አይሆንም።

መድኃኒቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን መርፌ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ክብደት የተሰላ ነው፤ በዚህ ስሌት 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የሚደርሰው 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በግምት የተወጋ ውሻ ይንገዳገዳል፣ ሊሞትም ይችላል። ማሳከክን ባንድ ቀን ጸጥ የሚያደርገው የዴክሳሜታሶን መርፌ ደግሞ እከክ ባለበት ውሻ ላይ በሽታውን ደብቆ ያባብሰዋል።

ማከኩ ከወገቡ በታች፣ በጅራቱ ሥርና በጭኑ ጀርባ ከሆነ ነገሩ ወደ ቁንጫ ያዘነብላል። ማረጋገጫው ውድ አይደለም፦ ከጠጉሩ ሥር የሚራገፈውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ጥጥ ላይ ማድረግ። ብናኙ ወደ ቀይ ቡናማ ከፈሰሰ ቁንጫው የጠጣው ደም ነው። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበት ውሻ በጥቂት ንክሻ ብቻ ለቀናት ያካል፤ ባለቤቱ «አንድም ቁንጫ አላየሁበትም» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ነው፤ ቀሪው እንቁላልና እጭ ሆኖ ከመኝታው ጭድና ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይኖራል። ያው ቁንጫ ድመቱንና ግልገሉንም ይነክሳል። ጭዱ ካልተቃጠለ፣ ወለሉ በየጊዜው ካልተጠረገ፣ አብረው የሚያድሩት እንስሳት ካልታከሙ ውሻውን ብቻ ማከም ድካም ነው።

እከኩም ቁንጫውም ተወግደው ማሳከኩ ከቀጠለ ምግብ ይታያል። ብዙ ጊዜ በውሻ ላይ አለርጂ የሚያስነሱት የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። ይህን የሚያረጋግጥ አስተማማኝ የደም ምርመራ የለም፤ መንገዱ የተጠረጠረውን ምግብ 8 ሳምንት ያህል ከልክሎ መልሶ መስጠት ነው። እዚህ ላይ የአገሬው የዘመን አቆጣጠር ለሐኪሙ ያግዘዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቤተሰቡ ሥጋና ወተት ሲተው ከውሻውም ሳህን አጥንቱና አጓቱ ይጠፋሉ። የፍልሰታ 15 ቀን ለዚህ አይበቃም።

ጾሙን ለምርመራ ለመጠቀም ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ውሻው ከግቢ ወጥቶ ከሌላ ደጃፍ አጥንት እንዳይለቅም መያዝ አለበት። የማሽላ ቂጣና የተቀቀለ ባቄላ ይሰጠው እንጂ ቀይ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አይፍተትለት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ለቡችላና ለእርጉዝ ውሻ ይህ አመጋገብ ስለማይበቃ አይሞከርም። ጠጉሩ በሆሳዕና ሰሞን መብቀል ጀምሮ፣ በፋሲካ አጥንት ከቀመሰ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማከኩ ካገረሸ ተጠርጣሪው ተገኘ ማለት ነው።

ይህም ካልሆነ የአበባ ብናኝና የቤት አቧራ ይቀራሉ። ይህ ዓይነቱ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን መዳፍን፣ ሆድንና ጆሮን ያጠቃል። ፈጽሞ አይድንም፤ በክትትል ግን ይቀንሳል። ማከኩ በየትኛው ወር እንደሚብስ በቃሉ የያዘ ባለቤት የሐኪሙን ሥራ በግማሽ ያቀልለታል።

ቅደም ተከተል የማይጠብቅ አለርጂ ደግሞ አለ። ዋግ የማር አገር ነው፤ ቀፎ አጠገብ የሚያድር ውሻ በንብ ሲነደፍ ፊቱ ያብጣል፤ ካስመለሰው፣ ድዱ ከነጣና ከወደቀ አድሬናሊን በደቂቃዎች ውስጥ ማግኘት አለበት። አልፎ አልፎ ከክትባት በኋላም እንዲህ ያለ እብጠት ይታያል። እሱን ፈርቶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን መተው ግን ውሻውንም ቤተሰቡንም ለሞት ያጋልጣል። ከዚህ ቀደም ያበጠ ውሻ ከሆነ ባለቤቱ ከመርፌው በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ከተወጋም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ክሊኒክ ይቆይ።