ዲጄው ላይቭ ሲገባ፦ ስለ ካሜራ፣ ስለ ድምፅና ስለ ተመልካች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

አንድ ዲጄ ላይቭ ለመግባት ሲዘጋጅ መብራት ይተክላል፣ ሁለት ሦስት ካሜራ ይደረድራል፣ ከጀርባው ስሙ የተጻፈበት ባነር ይሰቅላል። ተመልካቹ ግን ገብቶ አንድ ዘፈን እንኳ ሳያልቅ ይወጣል። ጥፋቱም ኢንተርኔቱ ወይም አልጎሪዝሙ ላይ ይላከካል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ችግር ላይቭን የክለብ ምሽት ግልባጭ አድርጎ ማሰቡ ነው። ክለብ የገባ ሰው ከፍሎ ነው የገባው፤ ጓደኞቹም አብረውት ስላሉ በቀላሉ አይወጣም። ስልክ የያዘ ሰው ግን ለመውጣት አንድ ጣት ይበቃዋል።

«ሕዝብ ከሌለ ሞቅ አይልም»

ይህን እምነት ያስፋፋው በአብዛኛው ቦይለር ሩም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ዌብካም የተጀመረው ይህ ዝግጅት ዲጄው ፊቱን ወደ ካሜራው፣ ጀርባውን ወደ ጨፋሪዎቹ አዙሮ በሚቆምበት አቀራረቡ ታወቀ። ሊኮርጁት የሚሞክሩ ሰዎች ሕዝቡን ያያሉ፤ ብልሃቱ ያለው ግን አቋቋሙ ላይ ነው። በክለብ ዲጄውና ጨፋሪው ፊት ለፊት ይተያያሉ። እዚህ ግን ሁሉም ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ የጨፋሪው ፊት ሳይቀር ይታያል።

ሆር የተባለው የበርሊን የላይቭ ሙዚቃ መድረክ ደግሞ ሕዝቡን ጨርሶ አስወጥቶታል። መታጠቢያ ቤት የሚመስል ሴራሚክ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ዲጄ ቆሞ ያጫውታል፤ ተመልካችም አላጣም። ስለዚህ አምስት ጓደኛ ጠርቶ በግድ ማስጨፈር አያስፈልግም። ከጀርባ ቆሞ ስልኩን የሚነካካ ጓደኛ ከባዶ ግድግዳ ይብሳል።

«ዋናው ካሜራው ነው»

ደብዛዛ ምስል ያለው ሙዚቃ ይደመጣል፤ የተበላሸ ድምፅ ያለው ጥርት ያለ ምስል ግን ማንም አይታገሠውም። ስልክ ስፒከር ፊት አቁሞ ላይቭ የሚገባ ዲጄ ይህን አያውቅም። የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነው፤ ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሲቀንስ መልሶ ያነሳዋል። ባሱ በመታ ቁጥር ዘፋኙ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። መፍትሔው ከሚክሰሩ የመቅጃ መውጫ በገመድ ወደ ሳውንድ ካርድ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ማስገባት ነው። በብዙ ሚክሰሮች ላይ ይህ መውጫ የማስተሩን ቮልዩም አይከተልም፤ ቤት ውስጥ ድምፁ ቢቀነስም ለተመልካቹ አይቀንስበትም። ሚክሰሩ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ «ሞቀ» ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ፤ ድምፁ መሰነጣጠቅ መጀመሩ ነው።

ኢንተርኔት ሲደክም ደግሞ መቀነስ ያለበት ምስሉ ነው። በ720 ፒ ጥራት የሚላክ ምስል በሰከንድ 3,000 ኪሎቢት ገደማ ይፈልጋል፤ ጥሩ የሙዚቃ ድምፅ ግን በ192 ኪሎቢት ይሄዳል፤ ከምስሉ አንድ አሥራ አምስተኛ ገደማ ማለት ነው። ድምፁን ማበላሸት የሚያተርፈው ነገር የለም። ፍጥነት ስትለኩም የምታዩት ትልቁን ቁጥር፣ ማለትም የማውረጃውን፣ አይሁን፤ ላይቭ የሚሄደው በመላኪያው ነው። ከመግባታችሁ በፊት በሌላ ስልክ ስፒከር አዳምጡት፤ አብዛኛው ሰው የሚሰማችሁ እንደዚያ ነውና።

«ዲጄ ማውራት የለበትም»

በእኔ እይታ ከሁሉም ይበልጥ ተመልካች የሚያስመልጠው ይህ ነው። ኮሜንት ማንበብ ሙያን እንደሚያዋርድ የሚቆጥሩ ዲጄዎች አሉ። ተቃራኒውን ግን አይተናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ዓለም በኮሮና ቤቱን ሲዘጋ አሜሪካዊው ዲጄ ዲ-ናይስ ሎስ አንጀለስ ካለው ቤቱ በኢንስታግራም ማጫወት ጀመረ። መጀመሪያ የገቡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። በቀናት ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተሰበሰበ፤ ሚሼል ኦባማ ሳይቀሩ ገቡ። ዝግጅቱ አንድ ስልክ፣ የሚቀያየር ባርኔጣና የድሮ ሙዚቃ እንጂ ሌላ አልነበረውም። ሰውየው ግን የገባውን ሁሉ በስሙ ይጠራ፣ ይደነግጥ፣ ይስቅ ነበር። ዝነኛው ሲጠራ ሌላውም ከዝነኛ ጋር አንድ ቤት እንዳመሸ ተሰማው።

የእኛ አዝማሪ ይህን ሙያ ያውቀዋል። ማሲንቆውን ይዞ ሲዞር የእንግዳውን ስም ይጠይቃል፣ አለባበሱን ያያል፣ «ተቀበል» ሲሉት የተሰጠውን ስንኝ ተቀብሎ ዜማው ውስጥ ያስገባል። የተጠራ እንግዳ ቶሎ አይነሳም።

ላይቭ ላይ ግን አዝማሪው የሌለበት አንድ ችግር አለ፤ መዘግየት። ዲጄው የሚለው ነገር እንደ መድረኩ ዓይነት ከጥቂት ሰከንድ እስከ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው ልክ ይዘገያል። «እጅ ወደ ላይ!» ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። «ቀጥሎ ጉራጊኛ ይግባ ወይስ ኦሮምኛ?» ብሎ ጠይቆ፣ የያዘውን ዘፈን እስኪጨርስ ኮሜንቱን እያየ መወሰን ግን ይሠራል። ተመልካቹ ምርጫው ሲፈጸም ያያል። የሚነገረው ደግሞ ዘፋኙ ሳይጀምር በመግቢያው ሙዚቃ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ማውራት ሲባል «ስጦታ ላኩ» እያሉ ሰዓቱን መጨረስ አይደለም፤ ያ ልመና ነው።

«ስህተት ከታየ አበቃ»

እ.ኤ.አ. በ2022 ሙዚቀኛው ፍሬድ አጌን ለንደን ውስጥ በቦይለር ሩም ሲያጫውት ከጀርባው የነበረ ሰው ሳያስበው ቁልፍ ነክቶ ሙዚቃውን አቆመው። ፍሬድ ሳቀና እንደገና አስነሳው። ሰው እየመለሰ ከሚያያቸው የዚያ ዝግጅት ቅጽበቶች አንዱ ያ ነው። አስቀድሞ የተቀዳን ነገር «ላይቭ ነው» ብሎ የሚያቀርብ ዲጄ ይህን ዕድል በገዛ እጁ ይጥለዋል።

«ዘፈኑን ገዝቼዋለሁ፤ ማን ይከለክለኛል?»

መግዛት ለማዳመጥ እንጂ ለሕዝብ ለማሰራጨት ፈቃድ አይሰጥም። «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ ከሥር መጻፍም ምንም አይለውጥም፤ ዩቲዩብ የዘፈኑን አሻራ አውቆ ስርጭቱን መሃል ላይ ሊያቋርጥ ይችላል። ትዊች እ.ኤ.አ. በ2024 ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ጋር ተስማምቶ ለዲጄዎች ልዩ ፕሮግራም ከፍቷል፤ ዲጄው ከገቢው ለባለመብቶች ያካፍላል። ፈቃዱ ግን ለቀጥታ ስርጭቱ ብቻ እንጂ ተቀድቶ ለሚቀመጠው አይደለም። ቅጂው እንዲቆይለት የሚፈልግ ለባለመብቶች የሚከፍለውን ሚክስክላውድን ቢያይ ይሻላል።

«ሰዓቱ ቅዳሜ ማታ ነው»

የማን ቅዳሜ ማታ? አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 6 ሰዓት ነው፤ ሰው ሥራ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ነው። ሪያድ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ቢሆንም የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ማምሸት የሚመቸው ሐሙስ ነው። የአማርኛ ሙዚቃ አድማጭ በነዚህ ሁሉ ከተሞች ተበትኗል፤ ስክሪኑን ሳያይ በጆሮው ብቻ የሚከታተልም አለ። ስለዚህ አንድ ቋሚ ቀንና ሰዓት ምረጡና ፖስተሩ ላይ የአዲስ አበባን፣ የዋሽንግተንንና የሪያድን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉት። ሐበሻ ሰዓት ይሁን የፈረንጅ፣ እሱንም ለዩ።