እንጀራው የጤፍ ብቻ ነው? ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች ምግባቸውንና መድኃኒታቸውን እንዴት ይለያሉ?

በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በዱባይ በሚገኝ የሐበሻ መደብር በላስቲክ ታሽጎ የተደረደረውን እንጀራ አንስቶ "ግሉተን አለው?" ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፦ "የጤፍ እንጀራ ነው።"

ለአብዛኛው ሰው ይህ መልስ በቂ ነው። ሴሊያክ የተሰኘው ሕመም ላለበት ሰው ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። ጤፉ ከምን ጋር ተቀላቀለ? በየትኛው ወፍጮ ተፈጨ? እርሾውስ ከየት መጣ?

ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። በ2005 በ'ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን' የወጣ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጥናትም በጤፍ ውስጥ የሴሊያክ ሕሙማንን የሚጎዳው ፕሮቲን አለመገኘቱን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በጤፍ ስም የሚሸጥ እንጀራ ሁሉ ከጤፍ ብቻ የተጋገረ አይደለም። በተለይ ከኢትዮጵያ ውጭ ጤፍ ውድ በመሆኑ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት መቀላቀል የተለመደ ነው።

ሴሊያክ ምንድን ነው?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና 'ራይ' በተባለው የቅዝቃዜ አካባቢ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የዳቦ ሊጥ እንደ ላስቲክ እንዲሳብና እንዲነፋ የሚያደርገውም እርሱ ነው።

ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲመገብ የሰውነቱ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ከምግብ ውስጥ ጠቃሚ ንጥረ ነገሮችን የሚቀበሉት፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ጣት የቆሙ ጥቃቅን እጥፋቶች ይጎዳሉ፤ በጊዜ ብዛትም ይከስማሉ። ሕመምተኛው ቢበላም ምግቡ አይዋሐደውም።

ምልክቶቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ። የቆየ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የክብደት መቀነስ፣ በብረት ማዕድን እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት እና በሕፃናት ላይ የዕድገት መቀጨጭ ይጠቀሳሉ። አንዳንዶች የሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ ብቻ ሊታይባቸው ይችላል።

በአፍሪካ ቀንድ አገራት እነዚህ ምልክቶች በቀላሉ ከሌላ ጋር ይምታታሉ። ተቅማጥ ጃርዲያ ነው፣ ክሳት የምግብ እጥረት ነው፣ የደም ማነስ የሆድ ትላትል ነው ተብሎ ሊታከም ይችላል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ትክክል ነው። ሕክምናው ተደጋግሞ ለውጥ ካልታየ ግን ሴሊያክን ማሰብ እንደሚገባ ሐኪሞች ይናገራሉ።

ሕመሙ የአውሮፓውያን ብቻ ነው የሚለው የቀድሞ አስተሳሰብም ተለውጧል። በዓለም ዙሪያ ከ100 ሰዎች አንድ ገደማ ሴሊያክ እንዳለበት ይገመታል። በሱዳን ሐኪሞች ሕመሙን በሕፃናት ላይ መዝግበዋል። በ1999 በታተመ ጥናት ደግሞ በአልጄሪያ መጠለያዎች ከሚኖሩ የምዕራብ ሰሃራ ሕፃናት መካከል 5.6 በመቶ የሚሆኑት ሴሊያክ እንዳለባቸው ተረጋግጧል። ይህም በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛ አኃዞች አንዱ ነው።

ከግሉተን ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው በኔዘርላንድሳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካሬል ዲከ ሥራ ነው። ሐኪሙ ስንዴን መጠርጠር የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነበር። በ1944 እና 1945 በአገራቸው በደረሰው የክረምት ረሃብ ዳቦ ሲጠፋ ታማሚ ሕፃናት መሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ሕመማቸው ማገርሸቱ ጥርጣሬያቸውን አጠናከረላቸው። ምርምራቸውን በ1950 አቅርበዋል።

ከምርመራ በፊት ምግብ ማቆም ለምን አይመከርም?

ሴሊያክ የሚለየው በቅድሚያ በደም ምርመራ ነው። ሰውነት በራሱ ሕዋሳት ላይ የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ይለካሉ። ከዚያም ብዙ ጊዜ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት ናሙና ተወስዶ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት አለ። ከምርመራው በፊት ዳቦና ፓስታ ያቆማሉ። ግሉተን ሲቋረጥ ፀረ እንግዳ አካላቱ ይቀንሳሉ፤ አንጀቱም መዳን ይጀምራል። ምርመራው "ነጻ ነህ" ሊል ይችላል፤ ሕመሙ ግን አለ። ስለዚህ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ እንደ ወትሮው መመገብ ይመከራል።

ሕመሙን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

የትኛው እህል ይበላል? የትኛውስ አይበላም?

በዚህ ረገድ የአካባቢው ገበታ ባለጸጋ ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላ፣ ድንች፣ ካሳቫ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሰሊጥና ኑግ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬም እንዲሁ። ከበቆሎ የሚሠራው የኬንያ ኡጋሊ እና በማሽላ ብቻ የተጋገረ የሱዳን ኪስራም ይበላሉ።

በተቃራኒው ዳቦ፣ አምባሻ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሳምቡሳ፣ ቻፓቲ እና ከስንዴ የሚሠራ ቅንጬ ግሉተን አላቸው። የገብስ የሆኑት በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ቆሎና የገብስ ገንፎም የተከለከሉ ናቸው። በብቅል የሚጠመቁት ጠላና ቢራም ከዚሁ ይመደባሉ። የሶማሌ ካንጄሮ ቀድሞ በማሽላ ወይም በበቆሎ ይዘጋጅ የነበረ ቢሆንም ዛሬ የስንዴ ዱቄት በስፋት ይገባበታል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ለታመመ ሰው የሚቀርበው ምግብ ነው። ለአራስና ለደካማ ሰው ገንፎና አጥሚት ይሠራል፤ አልኮል የሌለው የማልት መጠጥ "ደም ይተካል" ተብሎ ይገዛል። ገንፎው የገብስ፣ አጥሚቱ የአጃ፣ የማልት መጠጡም የገብስ ብቅል ከሆነ፣ ለማበርታት የቀረበው ምግብ ራሱ ሕመሙን ያባብሳል። ቤተሰብ ለፍቅር ያደረገው ነውና ሕመምተኛውም እምቢ ለማለት ይቸገራል።

የሚያሳስቱ ስሞች

"አጃ" የሚለው ስም የተለየ ማብራሪያ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ በተለምዶ አጃ የሚባለው 'ኤመር' በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ የስንዴ ዝርያ ነው፤ ግሉተንም አለው። በዛሬው ገበያ ደግሞ በካርቶን ታሽጎ ከውጭ የሚመጣውም አጃ ይባላል። ይህ ሌላ እህል ነው። ብዙ የሴሊያክ ሕሙማን ንጹሑን ይችሉታል፤ ነገር ግን በእርሻና በፋብሪካ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ ከግሉተን ነጻ ተብሎ ያልተመሰከረለት አይመከርም። ጥቂቶችን ንጹሑም ይጎዳል። "አጃ ይበላል" የሚል ምክር በውጭ ቋንቋ ያነበበ ሰው በአገር ቤት ገበያ ኤመሩን ሊገዛ ይችላል።

ሌላው ትሪቲካሌ ነው። ስንዴና ራይ ተዳቅለው የተገኘ እህል ሲሆን በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ይዘራል። ለእንጀራም ከጤፍ ጋር ይቀላቀላል። ግሉተን አለው።

ንጹሕ እህል እንዴት ይበከላል?

ሴሊያክ ላለበት ሰው "ትንሽ አይጎዳም" የሚለው አባባል አይሠራም። ጥናቶች በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለወራት ቢወሰድ አንጀትን እንደሚጎዳ አሳይተዋል። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ሁለት ግራም ገደማ ግሉተን ሊኖረው ስለሚችል 50 ሚሊግራም ማለት የዚያ ቁራጭ አርባኛ ክፍል ነው፤ ከፍርፋሪ አይበልጥም።

መበከሉ የሚጀምረው ከወፍጮ ቤት ነው። ስንዴ በተፈጨበት ድንጋይ ላይ ወዲያው ጤፍ ከተፈጨ የቀረው የስንዴ ዱቄት አብሮ ይወርዳል። ሽሮም በዚሁ መንገድ ሊበከል ይችላል።

ሁለተኛው እርሾ ነው። ከተቀላቀለ ሊጥ የተረፈ እርሾ ንጹሑን የጤፍ ሊጥ ይበክላል። ከጎረቤት እርሾ መዋስ በባህላችን የተለመደ በመሆኑ ይህ በቀላሉ ይዘነጋል። መፍትሔው በጤፍ ብቻ የራስን እርሾ መጀመር ነው።

ሦስተኛው ዕቃ ነው። ዳቦ የተጋገረበት ምጣድ፣ የስንዴ ሊጥ የተቦካበት ቡሃቃ፣ ፓስታ የተቀቀለበት ውሃ፣ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ግሉተን ያስተላልፋሉ። በጋራ ትሪም ወጡ በስንዴ እንጀራ ወይም በዳቦ ሲጠቀስ ይበከላል። በተለየ ሳህን መመገብ፣ ለብቻው የተያዘ ምጣድና ወንፊት መጠቀም፣ እህልን ለቅሞ አጥቦ ከደረቀ በኋላ በቤት ውስጥ መፍጨት ወይም ጤፍ ብቻ በሚፈጭ ወፍጮ ማስፈጨት አደጋውን ይቀንሳል።

በማሸጊያው ላይ ምን ይነበባል?

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት "ከግሉተን ነጻ" ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በአንድ ኪሎግራም ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ሊኖረው ይገባል።

በአሜሪካ "ስንዴ የለውም" የሚለው ጽሑፍ ከዚህ የተለየ ነው። የአገሪቱ የአለርጂ ሕግ ስንዴ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ገብስንና ራይን ግን አያስገድድም። ስለዚህ ስንዴ የሌለው ምግብ የገብስ ብቅል ሊኖረው ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ግን ግሉተን ያላቸው እህሎች ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ ጎላ ብለው መጻፍ አለባቸው።

በባዕድ አገር ለሚኖሩ ጥቂት ቃላትን ማወቅ ይጠቅማል። በአረብኛ ስንዴ 'ቀምሕ'፣ ገብስ 'ሸዒር' ይባላል። በስዋሂሊ 'ንጋኖ' እና 'ሻይሪ'፣ በዕብራይስጥ 'ኺታ' እና 'ሰዖራ' ናቸው። በእስራኤል 'ለሎ ግሉተን' የሚለው ጽሑፍ "ያለ ግሉተን" ማለት ነው። ብቅል ወይም ማልት የሚል ቃል በየትኛውም ቋንቋ ቢገኝ ገብስን ያስጠረጥራል።

ሶይ ሶስ፣ የሾርባ ኩብ፣ ቋሊማና ለሕፃናት የሚሸጡ የተደባለቁ ዱቄቶች ብዙ ጊዜ ስንዴ ስለሚኖራቸው ዝርዝራቸውን ማንበብ ያስፈልጋል።

መድኃኒትስ?

በአንድ ክኒን ውስጥ ያለው ፈዋሹ ንጥረ ነገር ብቻ አይደለም። ክኒኑ ቅርጽ እንዲይዝና በሆድ ውስጥ እንዲሟሟ የሚያደርጉ ረዳት ንጥረ ነገሮች ይጨመራሉ። ከእነዚህ አንዱ ስታርች ነው። ስታርች አብዛኛውን ጊዜ ከበቆሎ ወይም ከድንች ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን ከስንዴ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ፣ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች እጅግ አብዛኞቹ ግሉተን እንደሌላቸው ወይም ያላቸው ከምንም እንደማይቆጠር ገልጿል። በአውሮፓ ኅብረት የስንዴ ስታርች ያለበት መድኃኒት ይህንኑ በመግለጫ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ይጠበቅበታል። መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ የሴሊያክ ሕሙማንን የመጉዳት ዕድሉ በጣም አነስተኛ እንደሆነም ወረቀቱ ያስረዳል።

እንዲህም ሆኖ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በተለይ መድኃኒቱ በየቀኑ ለዓመታት የሚወሰድ ከሆነ። ለፋርማሲስት ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። በዝርዝሩ ላይ "ስታርች" ከተባለ ከየትኛው ተክል ነው? አምራቹ ባለፈው ወር ከተወሰደው ጋር አንድ ነው? ግልጽ ካልሆነስ አምራቹን መጠየቅ ወይም በሌላ መተካት ይቻላል?

ሁለተኛው ጥያቄ በክልላችን የተለየ ክብደት አለው። ፋርማሲዎች በየጊዜው ከተለያዩ አገራት የሚገባ መድኃኒት ይሸጣሉ። የመድኃኒቱ ስም አንድ ቢሆንም ረዳት ንጥረ ነገሮቹ እንደ አምራቹ ይለያያሉ።

አንዳንድ ስሞች ያለ ምክንያት ያስደነግጣሉ። 'ማልቶዴክስትሪን' ማልት የሚል ድምፅ ቢኖረውም ከብቅል አይሠራም። 'ሶዲየም ስታርች ግላይኮሌት' አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከድንች ነው። በመርፌና በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶችም በአፍ ስለማይወሰዱ ከዚህ ሥጋት ውጭ ናቸው።

ይልቅ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልጉት ዝርዝራቸው የማይታወቅ የባህል መድኃኒቶችና የተደባለቁ ዱቄቶች ናቸው።

ዋናው ማሳሰቢያ ግን አንድ ነው፦ ግሉተን ይኖረዋል በሚል ጥርጣሬ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ማቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት በክኒን ውስጥ ሊኖር ከሚችለው የግሉተን ቅንጣት እጅግ የከፋ ነው።

ለማስረዳት የሚከብደው

ከምግብ ዝርዝሩ ይልቅ የሚከብደው ማኅበራዊ ኑሮው ነው። ጉርሻን አለመቀበል፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት የራስን ምግብ ይዞ መምጣት እንደ ንቀት ሊታይ ይችላል። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ኅብስትም የስንዴ ነው። ይህ የእምነት ጉዳይ በመሆኑ ምእመናን ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር የሚመክሩበት ይሆናል።

ጉዳዩን ለቤተሰብ ቀድሞ ማስረዳት ብዙ ያቀልላል። "አይስማማኝም" ማለት "ትንሽ ቅመሽ" የሚል ልመና ያስከትላል። "ሐኪም ከልክሎኛል፤ ጥቂቱም አንጀቴን ይጎዳል" ማለት ግን ለአስተናጋጁም ለእንግዳውም ግልጽ ነው።

ግሉተን በጥንቃቄ ሲተው አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ መሻል ይጀምራል፤ የአንጀቱ ሙሉ ማገገም ግን ወራትን፣ በአዋቂዎች ላይም ዓመታትን ሊወስድ ይችላል። በንጹሕ ወፍጮ የተፈጨ ጤፍ፣ የራስ እርሾና የተለየ ምጣድ ያለው ቤት ለዚህ ሕመም በሌላ ዓለም በውድ ዋጋ የሚገዛውን ምግብ በየዕለቱ መጋገር ይችላል።