በፈቃድ ስለሚከፈል የብርሃን ዋጋ

በመርካቶ፥ በበርበሬ በረንዳ የምትነግድ አንዲት እመቤት እናስብ። ማታ ወደ ቤቷ ገብታ ሣጥኗን ብትከፍት፥ ከጋብቻ ውሏና ከልጆቿ የልደት ወረቀት ጋራ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሌላ ወረቀት ታገኛለች። ይኸውም ለታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የገዛችው ቦንድ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት በብዙ ቤት ስለሚገኝ፥ ትርጓሜውን ለቤተ ሰብ መግለጥ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

በውጭ አገር፥ ይልቁንም በአሜሪካ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1990ዎቹ ወዲህ አንዳንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው አንድ ምርጫ አቅርበዋል። የወደደ ሰው በየወሩ ከሚከፍለው ሒሳብ ላይ ጥቂት ይጨምራል፤ ኩባንያውም በዚያው መጠን ከነፋስ፥ ከፀሐይ ወይም ከመሰለው ምንጭ የተገኘ ኀይል በስሙ ይመዘግብለታል። ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ የምስክር ወረቀት ይወጣል፤ ለአንዱ ከተቈጠረ በኋላም ለሌላ እንዳይሸጥ ይሰረዛል። ዳሩ ግን ከብዙ ምንጭ ወደ አንድ ኩሬ የገባ ውሃ እንደማይለይ ሁሉ፥ በሽቦ የሚመጣውም ኀይል አይለይም። ስለዚህ ከፋዩ የሚገዛው ብርሃኑን ሳይሆን የብርሃኑን ንጽሕና ምስክር ነው። ገንዘቡ አዲስ ማመንጫ ካላሠራ ስሙ ብቻ ይቀራል ብለው የሚነቅፉ ሊቃውንትም አሉ።

በአገራችን ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአቃቂ ወንዝ ላይ ከተሠራው ከአባ ሳሙኤል፥ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ከቆቃ ጀምሮ የኤሌክትሪካችን ትልቁ ክፍል ከውሃ የሚገኝ ነው፤ በአዳማና በአሸጎዳም የነፋስ ኀይል ተጨምሮበታል። እንግዲህ የጐደለው ንጽሕናው ሳይሆን ብዛቱ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለ ጊዜ፥ ሠራተኛው ከደመወዙ፥ ነጋዴው ከትርፉ፥ በውጭ አገር ያለውም ከላቡ አዋጣ። ከደመወዝ የተቈረጠው ሁሉ በእውነት በፈቃድ ነበርን ብለው የጠየቁ አልጠፉም፤ እንቢ ለማለት የማይቻልበት ስጦታ ፈቃድ አይባልምና ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ግድቡ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኀይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት ችሎታውም 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

ቦንድ ስጦታ ሳይሆን ብድር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ስለዚህ የቤቱ ጌታና እመቤት ወረቀቱን ከእርጥበትና ከአይጥ ይጠብቁት፤ የሚመለስበትን ቀን ይጻፉት፤ ለወራሾቻቸውም ይንገሩ። ባለቤቱ ሳይናገር የሞተበት ወረቀት ለልጆች ክርክር እንጂ ሀብት አይሆንምና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የማድቤቱ ነገር ነው። ለንጹሕ ኀይል ገንዘቧን ያዋጣች እመቤት እንጀራዋን በጢስ ውስጥ ተቀምጣ የምትጋግር ከሆነ፥ ብርሃኑ ሳሎን ደርሶ ማድቤቱን ዘለለው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ አቅም ያለው ቤተ ሰብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይግዛ። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚስብ፥ አስቀድሞ የቤቱን ሽቦ በዐዋቂ ማስመርመር፥ ሁሉም መብራት በሚያበራበት በምሽት ሰዓትም አለመጋገር ለራስም ለጎረቤትም ይበጃል። አቅም የሌለው ደግሞ በሦስት ጉልቻ ፈንታ ምርጥ የሚባለውን ምድጃ ቢይዝ የማገዶው ወጪ ወደ ግማሽ ይቀንስለታል፤ ከሰል ለሚያነድም ላቀች የሚባለው ምድጃ አለ።

የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፥ ግድቡን ለመሥራት በፈቃዳችን እንደ ከፈልን፥ የራሳችንንም ማድቤት ከጢስ ለማውጣት በፈቃዳችን እንክፈል። ወረቀቱ በሣጥን፥ ጢሱ በማድቤት ተጐራብተው ሊኖሩ አይገባም።