ሳሊሾችና የተሳሳተው ስማቸው

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የሚኖሩት ሳሊሾች በፈረንጆች ዘንድ ለረጅም ዘመን ይታወቁ የነበሩት «ፍላትሄድ»፣ ማለትም «ጠፍጣፋ ራስ» በሚል ስም ነው። አሳሾቹ ሉዊስና ክላርክም እ.ኤ.አ. በ1805 ሲያገኟቸው በዚሁ ስም መዝግበዋቸዋል። ይሁን እንጂ የሕፃናትን ጭንቅላት በማሰር ቅርጹን የመለወጥ ልማድ የነበራቸው አንዳንድ የፓስፊክ ጠረፍ ነዋሪዎች እንጂ እነርሱ አልነበሩም።

ስህተቱ ግን በዚያው ጸና። በ1855 የተፈረመው የሄልጌት ውል የሚጠራቸው በዚህ ስም ነው። በ1891 አለቃ ቻርሎና ሕዝቡ ቢተሩት ሸለቆን በግዳጅ ለቀው የገቡበት ክልልም እስከ ዛሬ «ፍላትሄድ» ይባላል።

የቋንቋ ሊቃውንት በበኩላቸው «ሳሊሽ» የሚለውን መጠሪያ ከእነርሱ ወስደው፣ የጠረፉን ጨምሮ ከ20 በላይ ለሆኑ ተዛማጅ ቋንቋዎች ሰጥተዋል። በዚህም የጎረቤት ልማድ ለሳሊሾች፣ የሳሊሾች ስም ደግሞ ለጎረቤት ሆኗል።