ለም አገር ስለ ምን ይደኸያል
ስለ ነቀምትና ስለ ወለጋ ቡና የተጻፈ ማስረጃ

የአንድ አውራጃ ሀብት የሚመዘነው በመሬቱ ልምላሜ ነው የሚል አሳብ በሹማምንትና በባለ መሬቶች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። አዝመራው ሲያምር ሕዝቡ ይበለጽጋል፤ ዝናም ሲያጥር ይደኸያል ይባላል። ይህ አሳብ ግማሹ እውነት ነው። የወለጋን አገር ያየ ሰው ግን ሌላውን ግማሽ ሳይፈልግ ሊቀር አይችልም። ጉቶ ጊዳና በዙሪያው ያለው አገር ዝናም የማይነፈገው፣ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግ፣ በቆሎና ማሽላ፣ ዳጉሳና ኑግ የሚሰጥ፣ ማሩና ሰሙም የተረፈ ነው። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ የነጆ ወርቅና የዩብዶ ፕላቲን ይገኛል። ይህ ሁሉ ሳለ ገበሬው ለረዥም ዘመን ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ ኖሯል። እንግዲህ የሚጠየቀው መሬቱ ምን ይሰጣል የሚለው ብቻ አይደለም፤ ከሰጠው ውስጥ ወደ ገበሬው እጅ የሚመለሰው ስንት ነው የሚለው ጭምር ነው።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይገባል። አንድ ፈረሱላ ቡና፣ ማለት 17 ኪሎ፣ በወደብ 10 ብር ያወጣል እንበል። ለጭነት 4 ብር፣ በየኬላው 2 ብር፣ ለነጋዴው ድካምና ትርፍ 2 ብር ቢወጣ ለገበሬው የሚቀረው 2 ብር ነው። መንገዱ ተሻሽሎ የጭነቱ ዋጋ በ2 ብር ቢቀንስ፣ ነጋዴዎችም ብዙ ሆነው ቡናውን እየተሻሙ የሚገዙ ቢሆን፣ የገበሬው ድርሻ 4 ብር ይሆናል። መሬቱ ያው ነው፤ የወደቡም ዋጋ አልተለወጠም፤ የገበሬው ገቢ ግን እጥፍ ሆነ። በአንጻሩ የወደቡ ዋጋ ከ10 ብር ወደ 8 ብር ቢወርድ የጭነቱ ኪራይና ቀረጡ አብሮ አይወርድምና ጕዳቱ ሁሉ በገበሬው ላይ ይወድቃል፤ ቡናውም ሳይለቀም ከዛፉ ሥር ይረግፋል። ይህ ቁጥር ለማስረዳት የተሰጠ ነው እንጂ የማንኛውም ዓመት ገበያ አይደለም።

እንዲህ ያለው ነገር በወለጋ በእውነት ታይቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው እስከዚያ ይመጡ ነበር። ለምዕራቡ አገር ይህ ታላቅ በር ነበረ፤ ምክንያቱም ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከደረሰም በኋላ ቢሆን ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ ያለው 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ገና በአጋሰስ የሚኬድ ነበረ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጋምቤላ፣ በጎሬና በደምቢ ዶሎ መደብር አቁመው ቡናውን፣ ሰሙንና ቆዳውን ይሰበስቡ ነበር።

ነገር ግን ይህ በር ዓመቱን ሁሉ ክፍት አልነበረም። ባሮ መርከብ የሚሸከመው ክረምት ሲገባ ነው። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ነው። ስለዚህ ቡናው ሲደርስ ውሃው ይጎድላል፤ ውሃው ሲሞላ ደግሞ የደጋው መንገድ ይጨቀያል፣ ዲዴሳም ይሞላል። በቆላውም በኩል የከብት በሽታ የሆነው ገንዲ በቅሎና ፈረስ ስለሚፈጅ ብዙው ጭነት በሰው ጫንቃ ይወርድ ነበር። ከደጋው ወደ ባሮ መውረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት መሆኑን ያስተዋለ ሰው የተሸካሚው ኪራይ ስለ ምን እንደሚወደድ ይረዳዋል።

አሁን በዚህ ጊዜ ማን መጠበቅ ይችል እንደ ነበር መመልከት ያስፈልጋል። በኅዳር የተለቀመ ቡና መርከብ የሚያገኘው በሰኔ ወይም በሐምሌ ነው። በመካከሉ ሰባት ወር አለ። ግብር የሚፈለግበት፣ የሠርግ ወይም የተዝካር ዕዳ ያለበት ገበሬ ሰባት ወር ሊጠብቅ አይችልም፤ ጀንፈሉን ገና ሳይደርቅ በኅዳር ዋጋ ይሸጣል። ጎተራና የሚቀመጥ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ግን ይጠብቃል። ለዚህ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ የብዙ ሹማምንት ልማድ ነበር፤ ወቀሳው አንዳንድ ጊዜ ትክክል ቢሆንም መድኃኒት አይሆንም። ነጋዴውን ቢያባርሩት ቡናውን የሚገዛ አይገኝም። መድኃኒቱ ገበሬው ራሱ የሚጠብቅበትን ጎተራና በጎተራው ላይ የሚበደርበትን ገንዘብ ማግኘቱ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በሥራ አሳይተዋል። በደቡብ አሜሪካ በኰሎምቢያ የቡና ገበሬዎች በ1919 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ማኅበር አቁመው፣ ከጊዜ በኋላ የራሳቸውን መጋዘንና በየጊዜው በይፋ በሚነገር ዋጋ የሚገዛ ጣቢያ በየአውራጃው አሰናዱ። በዚያም ቡናውን የሚያለማው እንደ ወለጋው ሁሉ አብዛኛው ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ነው። በኢትዮጵያም የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደግሞ ቡና በመጋዘን ተመዝኖ፣ በደረጃ ተለይቶ፣ ባለቤቱ ደረሰኝ የሚይዝበትን ሥርዓት አመጣ። በዓለም ገበያ የዚህ አገር ቡና እስከ ዛሬ የሚጠራው በከተማው የቀድሞ ስም «ለቀምቲ» ተብሎ ነው። ፍሬው ትልቅ፣ ጣዕሙም ፍራፍሬ የሚመስል ሆኖ በባሕር ማዶ ቡና ቆይዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስሙ ከአገሩ ቀድሞ ሩቅ መሄዱ ያስገርማል።

የጋምቤላ ንግድ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች ወዲህ ቀድሞ የነበረውን ስፍራ አላገኘም፤ የመኪና መንገድ ነቀምት ከደረሰ በኋላ ጭነቱ ወደ ምሥራቅ ዞረ። መኪናው የወንዙን ወቅት አይጠብቅምና የገበሬው ዕድል ተሻሻለ። ቢሆንም ከዋናው መንገድ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር የሚርቀው ቀበሌ ከመኪናው የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። በዚያ ያለው ሰው ጀንፈሉን በአህያ ጭኖ እስኪወጣ ድረስ የዋጋው አንድ ክፍል ይቀርበታል።

ከመንገድ ቀጥሎ የሚመጣው የግብርና የመሬት ነገር ነው። ሌቃ ነቀምት በሞሮዳ በከሬ ዘመን ለምኒልክ ከገበረ በኋላ የውስጥ አስተዳደሩ ሳይነካ ግብር እየከፈለ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ልጃቸው ኩምሣ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ስለ ወርቅ፣ ስለ ዝሆን ጥርስና ስለ ልዩ ልዩ ግብር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋራ የተጻጻፉት ወረቀት ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊዎች ታላቅ ምንጭ ሆኗል። ከዚህ የሚታወቀው ነገር ግብር ቢከብድም እንኳ መጠኑና ጊዜው የታወቀ ሲሆን ሕዝቡ እንደሚችለውና መጠኑ ያልታወቀ ሲሆን ግን ሥራውን እንደሚተው ነው። በዐሥራት ጊዜ ገማቹ መጥቶ አዝመራውን እስኪያይ ድረስ ገበሬው ማጨድ አይችልም ነበር፤ ገማቹ ሲዘገይ እህሉን ዝናምና ምስጥ ይበላው ነበር። ምስጥ በወለጋ ምን ያህል ክፉ ጠላት እንደ ሆነ ለአገሩ ሰው መንገር አያሻም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ ግብሩን መወሰኑ በዚህ ረገድ መልካም እርምጃ ነበረ። የዐሥራት ክፍያ ጨርሶ የቀረው ግን በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በወጣ ጊዜ ነው።

ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ከመሬቱ ነገ ሊነሣ የሚችል ጭሰኛ ግን አራት ዓመት የሚጠብቀውን ተክል አይተክልም፤ በዓመቱ የሚታጨደውን በቆሎ ይዘራል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ትክክለኛ ሒሳብ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሰጠውም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ይህን ፍርሃት ከገበሬው ልብ ያነሣል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ወዲያው የእህል ኮታ መጣ፤ ገበሬው መንግሥት በቈረጠው ዋጋ እንዲሸጥ ታዘዘ። የኮታው ሥርዓት እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየ። መሬቱን አግኝቶ የፍሬውን ዋጋ ያጣ ሰው ከቀድሞው ጭሰኛ ብዙም አይለይም። ዛሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚሰጠውም ያው የተክል ዓመት እንዲታመን ነው፤ ስለዚህ የወረዳ ሹም በደብተር ክርክር ላይ ቶሎ ሳይፈርድ አንድ ዓመት ቢዘገይ አንድ የተከላ ዓመት አጠፋ ማለት ነው።

የትምህርትን ነገር በተመለከተ ነቀምት የሚያስመሰግን ታሪክ አላት። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከመለሱ በኋላ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምት መጥተው ማስተማር ጀመሩ፤ ወይዘሮ አስቴር ገኖም የኦሮምኛውን የንባብ መጽሐፍ በማሰናዳት የሥራው ተካፋይ ነበሩ። ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ቶሎ እንደሚያነብ በዚያ ታይቷል። ይህ የነፍስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሚዛኑን ቁጥርና የመጋዘኑን ደረሰኝ ማንበብ የማይችል ገበሬ በጎተራውም ሊታለል ይችላልና የኪስም ጉዳይ ነው። ዕውቀት ያላት ሥፍራ ተክሉንም ታድናለች። በ1963 ዓ.ም. የቡናን ፍሬ የሚያደርቀው በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ የጅማ ተመራማሪዎች ከኢሉ አባቦራ ጫካ በሽታውን የሚቋቋሙ ዘሮች መረጡ፤ 74110 እና 74112 የተባሉት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዚህ በቀር ቀይ እሸቱን ብቻ መልቀም፣ በመሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ ማድረቅ፣ ብዙ ወጪ ሳያስፈልገው የቡናውን ደረጃ ከፍ ያደርጋል። አልጋውን ለመሥራት ቀርከሃና ገመድ ይበቃል።

ስለ ጤናም ጥቂት መናገር ይገባል። በአንገርና በዲዴሳ ቆላ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም የመከሩና የቡናው ለቀማ ወራት ነው። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ ከሞቱት ሌላ በአልጋ የወደቀው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። ስለዚህ በነሐሴ የሚታደል አጎበርና መድኃኒት በኅዳር ከሚታደለው ይልቅ ዋጋ አለው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ የሕዝብ ሀብት ከዕውቀትና ከሰላም ጋራ የተያያዘ መሆኑን አስረድተዋል። በወለጋ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ይህን የሚያጸና ነው። በካማሺ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ቤቱንና ማሳውን ጥሎ ወደ ወለጋ ከተሞች ተሰደደ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከታኅሣሥ ወር መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ወር ያህል በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆየ። ይህ ጊዜ ቡናው ከማድረቂያው ወደ ገበያ የሚወጣበት ነው። የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ የማይሰማ ገበሬ ደጁ ድረስ የመጣው ገዢ የነገረውን ዋጋ ይቀበላል። መንገድ በጥይት ሲዘጋ የጭነት ኪራይ እንደሚንር፣ የመኪና ባለቤቶችም ወደዚያ መሄድ እንደሚፈሩ የታወቀ ነው። እንዲህም ሲሆን በመንገድ ሥራ የተገኘው ጥቅም ተመልሶ ይጠፋል፤ የገበሬውም ድርሻ ወደ ጋምቤላው ዘመን ሒሳብ ይመለሳል።

በጉቶ ጊዳና በአጎራባቾቹ ወረዳዎች በሹማምንት እጅ ያለው ሥራ ከዋናው አስፋልት ወደ ቀበሌዎች የሚገባው ጠባብ መንገድ ነው። ይህ መንገድ የሚበላሸው በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ነው፤ የሚያስፈልገውም በኅዳር ነው። ስለዚህ የቦይና የትንንሽ ድልድይ ጥገና በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን ዝናሙ እንዳቆመ በጥቅምት ተጀምሮ የመጀመሪያው ጀንፈል ከመጫኑ በፊት ማለቅ ይኖርበታል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ጎተራ እንዲሁ በመስከረም ጣሪያው ታይቶ፣ ምስጥ የበላው ቋሚ ተለውጦ፣ ሚዛኑ በሕዝብ ፊት ተፈትሾ ይቆያል፤ የዕለቱም ዋጋ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ በገበያው በር ይለጠፋል።