ሂዩሚዶር፦ የሲጋር ማቆያ ሳጥን አመራረጥ

የትምባሆ ቅጠል ከእርሻ ወጥቶ ሲጋር እስኪሆን ድረስ ብዙ ደጅ ያልፋል። በኩባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ፒናር ዴል ሪዮ በሚባለው አውራጃ፣ ቩዌልታ አባኾ የተባለ ስመ ጥር የትምባሆ ምድር አለ። እዚያ የበቀለው ቅጠል ይለቀማል፣ በጎተራ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ተከምሮ ይብላላል፣ እንደ ጉልበቱና እንደ መልኩ ይለያል፣ በመጨረሻም ሥራውን በለመዱ እጆች ይጠቀለላል። ይህን ያህል የተደከመበት ሲጋር ግን ከካሪቢያን ወበቅ ወጥቶ ደረቅ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ ብዙ ሳይቆይ መበላሸት ይጀምራል። ቅጠሉ ከዙሪያው አየር ጋር ሁልጊዜ ውሃ ይለዋወጣልና፤ አየሩ ሲደርቅ ይለቃል፣ አየሩ ሲረጥብ ይስባል። ሂዩሚዶር የሚባለው ሳጥን የተሠራው ይህን ልውውጥ በልኩ ለመያዝ ነው።

ሲጋር ሲደርቅ የላይኛው መጠቅለያ ቅጠል ይሰነጠቃል፤ ሽታውንና ጣዕሙን የያዘው ዘይትም ይተናል። ሲለኮስ ቶሎ ይነድዳል፣ ጭሱ ይሞቃል፣ ይመርራል። እርጥበት ሲበዛበት ደግሞ ያብጣል፣ ጭሱ አልሳብ ይላል፣ በየደቂቃው ይጠፋል፤ ከዚያ ካለፈም ይሻግታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። በነጋዴዎቹ ዘንድ የቆየው ልማድ 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበትና 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ነው። የኩባ ሲጋር የሚወዱ ብዙዎች ከ62 እስከ 65 በመቶ ዝቅ ያደርጉታል፤ ከ72 በላይ መውጣትን ግን የሚመክር የለም ማለት ይቻላል። እኔ ከቁጥሩ ይበልጥ የማስቀድመው ጽናቱን ነው። ዓመቱን ሙሉ 65 ላይ የሚቆይ ሳጥን፣ ዛሬ 60 ነገ 74 ከሚል ሳጥን እጅግ ይበልጣል፤ ሲጋሩን የሚሰነጥቀው ማበጥና መኮማተሩ ነውና።

ሲጋርን በተመጠነ አየር የማቆየት ሥራ መጀመሪያ የነጋዴዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 የተወለደው ዚኖ ዴቪዶፍ በወጣትነቱ ወደ ላቲን አሜሪካ ተሻግሮ ኩባ ውስጥ ስለ ትምባሆ ተማረ። ከዚያ ተመልሶ ጄኔቭ ባለው የቤተሰቡ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ እርጥበቱና ሙቀቱ የተጠበቀ የሲጋር ጎተራ አዘጋጀ። በለንደንም እንደ ደንሂል ያሉ ሱቆች የደንበኞቻቸውን ሲጋር በአደራ ያስቀምጡ ነበር። ከደንበኞቹ አንዱ ዊንስተን ቸርችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመን ቦምብ የደንሂልን ሱቅ ባወደመበት ሌሊት፣ ሲጋሮቹ መትረፋቸውን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በስልክ አበሰሩት ይባላል። ወደ ቤት የገባው የጠረጴዛ ሳጥን የእነዚያ ጎተራዎች ታናሽ ወንድም ነው።

ሳጥኑ ቤት ሲገባ ግን ጌጥም ሆነ። ኮሜዲያኑ ሚልተን በርል ለጆን ኤፍ ኬኔዲ ለሹመቱ በዓል እ.ኤ.አ. በ1961 የሰጠው ሂዩሚዶር፣ በ1996 በኒውዮርኩ ሶዝቢስ ጨረታ በ574,500 ዶላር ተሸጧል። ያ ዋጋ የታሪክ ዋጋ ነው፤ የሳጥኑን ጠባቂነት አይናገርም። ገዢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ የወርቅ መልክ ያለው ቁልፍ፣ ከላይ መስታወት ያያል፤ ክዳኑ አየር ማሳለፍ አለማሳለፉን ሳያይ ይከፍላል።

በእኔ እምነት መጀመሪያ መታየት ያለበት ክዳኑ ነው። ከፍ አድርገው ቢለቁት ድብ ብሎ መውደቅ የለበትም፤ ውስጥ ያለው አየር እየተገፋ ስለሚወጣ መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ሌላው መንገድ አንድ የብር ኖት በክዳኑና በሳጥኑ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው። ያለ ምንም ትግል ከወጣ በዚያ በኩል አየር አለ፤ ይህን በአራቱም ጎን መሞከር ያስፈልጋል። የበራ የእጅ ባትሪ ወይም ስልክ ውስጡ አስቀምጦ፣ መብራት አጥፍቶ፣ በጠርዙ የሚያፈተልክ ብርሃን መፈለግም ይቻላል። ክዳኑ መስታወት የሆነ ሳጥን ሲጋሩን ሳይከፍቱ ያሳያል፤ ነገር ግን መስታወቱ የተገጠመበት ዙሪያ አንድ ተጨማሪ ማፈትለኪያ ነው፣ ብርሃንና ሙቀትም ያስገባል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ከክዳኑ ቀጥሎ እንጨቱ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል። የጥሩ ሳጥን ውስጥ የሚለበጠው ስፓኒሽ ሲዳር በተባለ እንጨት ነው። ስሙ ይህን ይበል እንጂ ዛፉ ስፔን አይበቅልም፤ ወገኑም የማሆጋኒ ነው። የሚያድገው ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ባለው ምድርና በካሪቢያን ደሴቶች ነው። እርጥበት ሲበዛ ይይዛል፣ ሲያንስ ይመልሳል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቶሎ አይጣመምም። ለስላሳ ሽታው ከትምባሆው ጋር ይስማማል፣ ነፍሳትንም በመጠኑ ያርቃል። ዛፉ በብዛት ስለተቆረጠ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ለጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ስለዚህ ሻጩን እንጨቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። ርካሽ ሳጥኖች ውስጥ ልባጡ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ከሥሩ የተጨፈለቀ የእንጨት ዱቄት ሰሌዳ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ልባጥ እርጥበት የሚይዝበት ጉልበት የለውም። ውስጡ ቫርኒሽ መቀባት የለበትም። ከፍተው ሲያሸትቱ የእንጨት ሽታ እንጂ የማጣበቂያ ወይም የቀለም ሽታ ከመጣ፣ ያ ሽታ ነገ ሲጋሩ ውስጥ ነው።

ለአገራችን አናጺዎች አንድ ነገር መናገር እወዳለሁ። በእኛ ደጋ የሚበቅለው ጥድ መልካም መዓዛ ስላለውና በእንግሊዝኛም በሲዳር ስም ስለሚጠራ ለዚህ ሥራ የሚሆን ይመስላል። አይሆንም። የጥድ ዘይት ኃይለኛ ነው፤ ተዘግቶ በተቀመጠ ሳጥን ውስጥ የሲጋሩን ጣዕም ይውጠዋል። አሜሪካኖችም ቁምሳጥን የሚለብጡበትን ቀይ ሲዳር፣ እርሱም የጥድ ዘመድ ነው፣ ለሂዩሚዶር የማይጠቀሙበት በዚሁ ምክንያት ነው። ስፓኒሽ ሲዳር ካልተገኘ ሽታው የማይጫን ማሆጋኒ ይሻላል።

ስለ መጠን፦ 50 ሲጋር ይይዛል የተባለ ሳጥን 50 ሲጋር በምቾት አይይዝም። ሻጮች የሚቆጥሩት በቀጭኑ ነው፤ ማርጠቢያውም ቦታ ይወስዳል፣ አየሩም በሲጋሮቹ መካከል መንሸራሸር አለበት። አስቀምጣለሁ ካሉት ቁጥር ዘለግ ያለውን ይግዙ። ቸርችል የሚባለው የሲጋር ዓይነት ርዝመቱ 178 ሚሊሜትር ስለሆነ የውስጡን ልክ በማስመሪያ ማየት አይከፋም።

የእርጥበት መለኪያው ሌላው ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር ነው። ክዳኑ ላይ የሚገጠመው ባለ ቀስት መለኪያ ያምራል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ዋጋውም ብዙ አይደለም፣ ንባቡም ይታመናል። የትኛውም ቢሆን በጨው ይፈተናል። አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው በጥቂት ጠብታ ውሃ እንደ እርጥብ አሸዋ ያድርጉና ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ያሳድሩት፤ መለኪያው እንዳይነካው ብቻ ይጠንቀቁ። እንዲህ በታሸገ ቦታ እርጥብ ጨው የአየሩን እርጥበት 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያው 71 ካሳየ 4 ዝቅ አድርጎ እንደሚያነብ አወቁ ማለት ነው።

ማርጠቢያው ከጥንቱ ስፖንጅ እስከ ኤሌክትሪክ ድረስ ነው። ስፖንጁ ውሃ ይሰጣል እንጂ የበዛውን አይመልስም። ዛሬ ቦቬዳን የመሳሰሉ የጨው ውህድ የያዙ ከረጢቶች አሉ፤ 62፣ 65፣ 69፣ 72 የሚል ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ሲጎድል ይሰጣሉ፣ ሲበዛ ይጠጣሉ። 60 ግራም የሚመዝነው አንዱ ለ25 ሲጋር የሚሆን ቦታ ይጠብቃል። ከረጢቱ ሲደርቅ ይለወጣል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ስፖንጅ የሚመርጥ ሰው የቧንቧ ውሃ አይጠቀም፤ የተጣራ፣ ዲስቲልድ የሚባለውን ውሃ ይፈልግ።

አዲስ ሳጥን እንደተገዛ ሲጋር አይገባበትም። እንጨቱ ደረቅ ስለሆነ ከሲጋሩ ላይ ውሃውን ይጠጣል። ለዚሁ የተዘጋጀ 84 በመቶ የሚል ከረጢት አስገብቶ 14 ቀን ዘግቶ መተው ነው። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የሚመክሩ አሉ፤ እንጨቱን ያጣምማልና ይቅር።

ይህ ሁሉ ከመገዛቱ በፊት ግን ሰው የሚኖርበትን አየር ማወቅ አለበት። በብርዱ ወራት ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን ያለ ወገናችን ማሞቂያው ቤቱን በጣም ያደርቅበታል፤ ክዳኑ የሚያፈስ ሳጥን ከረጢት ቢቀያየርለትም አይችለውም። አዲስ አበባ ነገሩ በወቅት ይለያያል፦ ሐምሌና ነሐሴ አየሩ በራሱ እርጥብ ነው፣ በበጋ ይደርቃል። በዚህ ከተማ ጥቅሙ ሙቀቱ መጠነኛ መሆኑ ነው። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ድሬዳዋ ላለ ሰው ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። የትምባሆ ጢንዚዛ እንቁላል ቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፤ ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ ይፈለፈልና ሲጋሩን በመርፌ የተወጋ ያህል እየበሳ ይወጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ሳጥኑን ሁሉ ያጠፋል። ጥርጣሬ ካለ ሲጋሮቹን በላስቲክ አሽጎ ሦስት ቀን በረዶ ቤት ማቆየት፣ ከዚያ አንድ ቀን ተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ። በሞቃት አገር ብዙ ሲጋር ለሚያስቀምጥ ሰው ሙቀቱን የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ቁምሳጥን ዋጋው ይገባዋል።

እኛ ዘንድ ሲጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመንገደኛ ሻንጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች የኩባዋ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ ደሴት ላይ ተምረዋል፤ ከዚያች አገር የመጣ አንድ ሳጥን ሲጋር ለእነርሱ ከትምባሆነቱ በላይ ትርጉም ቢኖረው አይገርምም። ሲጋር ጤናን እንደሚጎዳ፣ ጭሱ ወደ ሳንባ ባይሳብ እንኳ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር እንደሚያመጣ ግን ሊታወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ 1112 በአገራችን በተዘጋ የሕዝብ ቦታ ማጨስን ከልክሏል።

በስጦታ የመጣ አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ሰው ውድ ሂዩሚዶር አያስፈልገውም። አየር የማያስገባ፣ ሽታ የሌለው የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ፣ ከሲጋር ሳጥን የተገነጠለ የሲዳር ቁራጭ፣ አንድ 65 ወይም 69 የሚል ከረጢትና ትንሽ ዲጂታል መለኪያ በቂው ነው። እንዲያውም ከብዙ የሚያብረቀርቁ ሳጥኖች የተሻለ ይጠብቃል። ሲጋሩ ቀድሞ ደርቆ ከሆነ በአንድ ጊዜ አያርጥቡት፤ መጠቅለያው ይፈነዳል። በ62 ጀምሮ ከሳምንታት በኋላ ወደ 65 ከፍ ማድረግ ነው። ውሃው በትዕግሥት ይመለሳል፤ ዘይቱ ግን አንዴ ከተነነ አይመለስም።